ደንገሉን ያዢ

ያን ጊዜ ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበት ያ ረጅም የውሃ ዳር ሳር፣ ለእኔ በንድፍ ወረቀት ላይ የሚሰመር አረንጓዴ ጭረት ነበር። ሐይቁ ሰማያዊ፣ መንገዱ ግራጫ፣ በሁለቱ መካከል አረንጓዴው ጭረት። ሳጠብበው ለመናፈሻው ቦታ ይተርፈኛል፤ ሳሰፋው ሥዕሉ ያምርልኛል። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ ጣናን በየማለዳው እያየሁ ትምህርት ቤት የተመላለስሁ፣ ኋላም በዩኒቨርሲቲ የላንድስኬፕ አርክቴክቸር፣ ማለትም የመናፈሻና የመልክዓ ምድር ንድፍ፣ ያጠናሁ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ጸጉሬ መሸበት እስከ ጀመረበት ዕድሜ ድረስ ደንገል ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ወላጆቼ ለፋብሪካ ሥራ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ደመወዝተኞች ስለነበሩ ሐይቁን ይፈሩት ነበር፤ ፍርሃታቸውንም ለእኛ አወረሱን። በቤታችን "ውሃ ዳር ሄደሻል?" ተብሎ መጠየቅ "ሰርቀሻል?" ተብሎ የመጠየቅ ያህል ከባድ ነበር።

ስለዚህ ያ የግንቦት ከሰዓት በኋላ በእኔ ላይ ምን እንደሠራ ለመረዳት፣ አንባቢዎቼ፣ በቅድሚያ ይህን ልብ በሉልኝ፦ ስለ ውሃ ዳር ብዙ ያነበበች፣ ውሃውን ግን በሩቁ የምታውቅ ሴት ነበርሁ።

የምሠራበት ቢሮ የሐይቁ ዳር የእግር መንገድ የሚቀጥልበትን አንድ ክፍል እንዲነድፍ ታዝዞ ነበር። መንገዱ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ያልፋል። ሁለት አማራጭ ቀረበ። አንደኛው ደንገሉን ከሥሩ ነቅሎ የድንጋይ ግንብ መገንባትና መንገዱን በግንቡ ላይ ማስኬድ ነው። ሁለተኛው የእኔ ነበር፦ ደንገሉ ባለበት ይቆይ፣ የተጨፈጨፈው ክፍል እንደገና ይተከል፣ መንገዱም ወደ ኋላ ይሽሽ። ቦታው የቤተ ክርስቲያኗ ይዞታ ስለነበር የሰበካ ጉባኤው ሳይፈቅድ አንድም ድንጋይ አይነሳም። የሰበካ ጉባኤው ቃል ደግሞ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ነበር።

እኒያ ሰው መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ ያልፋል። ገና በተዋወቅንበት ቀን ስሜን ስነግራቸው እጃቸውን አወዛውዘው "እሱ የቢሮሽ ስም ነው። የክርስትናሽስ?" አሉኝ። ወለተ ሥላሴ መሆኔን ስነግራቸው "በቃ እሱ ነው" አሉ፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

እሳቸው የሚፈልጉት ግንቡን ነበር። ምክንያታቸውንም በቃል ብቻ አልነገሩኝም፤ እጄን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ጓሮ ወሰዱኝና አሳዩኝ። ከመቃብሩ ቦታ በታች የነበረው ደንገል ለከብት መኖና ለታንኳ መሥሪያ ሲታጨድ ኖሮ አልቆ ነበር። ማዕበሉ ያለ ከልካይ እየመጣ አፈሩን ይገምሰዋል። ከዳሩ አጠገብ በነጫጭ ድንጋይ የተከበበች አንዲት መቃብር አለች።

"ይቺ የሻረግ ናት" አሉ። "ባለቤቴ። ስንቀብራት ከእግሯ ሥር እስከ ውሃው ድረስ ብዙ ሰው ተሰልፎ ቢተኛ የሚበቃ መሬት ነበር። አሁን እኔ አንዱ ብጋደም እግሬ ይረጥባል።"

ጎንበስ ብዬ የተገመሰውን አፈር ነካሁ።

"ግንብ ስጪኝ፣ ወለተ ሥላሴ። ሌላ አልልሽም።"

"ግንቡ ማዕበሉን አያደክመውም፣ መሪጌታ። መልሶ ይወረውረዋል። የተወረወረውም ከጎን ያለውን ዳር ይበላል፤ ግንቡንም ከሥሩ ይቦረቡረዋል። ማዕበሉን የሚያደክመው ደንገሉ ነው።"

"ሳር እኮ ነው የምትይኝ" አሉ ረጋ ብለው። "እኔ የሻረግን ከሳር ጀርባ አስቀምጬ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?"

ለመከራከር የሚበቃ ትምህርት ነበረኝ፤ ለማሳመን የሚበቃ ግን አልነበረኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ለመንኋቸው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ግንቡ ከተሠራ የሚነቀል፣ ማጭድ ያልነካው ሰፊ ደንገል አለ። በጀልባ ሄደን ከሐይቁ በኩል እንየው፤ ካዩት በኋላ ለሰበካ ጉባኤው የፈለጉትን ይናገሩ አልኋቸው። ጺማቸውን እየዳበሱ አሰቡና "ለማየትማ ምን ገዶኝ" አሉ።

ጀልባ ነጂው ሞላ ይባላል፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ከተሳፋሪ ጋር መቀለድ የሚወድ ሰው ነው። መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከፊት ሲቀመጡ ገና ሞተሩን ሳያስነሳ ጀመራቸው።

"መሪጌታ፣ ዋና ይችላሉ?"

"መዋኘት ለዓሣ ነው። እኔ ጸሎት አደርሳለሁ።"

"ጸሎቱን ሳይጨርሱት ብንሰምጥስ?"

"የቀረውን አንተ ትጨርስልኛለህ።"

"እኔማ ከፊደል ገበታ አላለፍሁም፤ ሀሁ እያልሁ ነው የምሰምጠው። ኢንጅነሯ ትጨርስልን።"

"ኢንጅነር አይደለሁም" አልሁት፤ ይህን ሳርመው ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ራሴም አላውቅም።

"እሺ ኢንጅነር" አለና ሞተሩን አስነሳ።

ሐይቁ እንደ ተነጠፈ አንሶላ ነበር። ደንገሉ ዘንድ ደርሰን ዳሩን ይዘን በዝግታ ስንጓዝ፣ ያን ሰሞን ለስብሰባ ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ ለመሪጌታ አንድ በአንድ ዘረዘርሁላቸው፤ ስለ ሥሩ፣ ስለ ደለሉ፣ ዓሣ እንቁላሉን ስለሚጥልበት ቦታ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ ከአንገታቸው ላይ ትንኝ እየገደሉ "ይኸኛውንም ያሳድጋል አላልሽም" አሉ። ሞላ ሳቀ። እኔም ጥቂት ፈገግ አልሁ፤ ልባቸውን እንዳላገኘሁት ግን ገብቶኝ ነበር።

በዚህ መካከል ሞላ መቀለዱን አቆመ። ዘወር ብዬ ሳየው ወደ ሰሜን ይመለከታል። ጥቂት ቀደም ብሎ ከሩቅ ይታዩ የነበሩት ደሴቶች የሉም። በቦታቸው ከሰማይ እስከ ውሃ የተዘረጋ እርሳስ የመሰለ መጋረጃ ቆሟል። "ወደ ቤት" ብሎ ብቻ ጀልባውን አዞረ። ነፋሱ ግን ከእኛ ይፈጥን ነበር። አንሶላው ተገፈፈ፤ ውሃው መጀመሪያ ተሸበሸበ፣ ቀጥሎ ተነሳ። ሞላ ማዕበሉን በጎን ላለመቀበል ከዳሩ ጥቂት ሲርቅ ጀልባዋ የተንሳፈፈ እምቦጭ ውስጥ ገባች። አረሙ በሚሽከረከረው የሞተሩ ክንፍ ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ጠፋ።

ከሞተር ድምፅ በኋላ የሚመጣው የነፋስ ድምፅ ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ ያን ዕለት አወቅሁ። ሞላ በደረቱ ተኝቶ እጁን ውሃ ውስጥ ከትቶ አረሙን ይበጥስ ነበር። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች። የመጀመሪያው ጭኔ ላይ ፈሰሰ፤ ሁለተኛው ወለሉን ሞላው። ነፋሱ ወደ ደንገሉ መልሶን ጥግ ጥጉን እየገፋ ይነዳናል። ከደንገሉ ጫፍ ወዲያ ጥቁር ቋጥኞች አሉ፤ ማዕበሉ እነሱ ላይ ሲፈነዳ ነጩ አረፋ ይታየኛል። ደንገሉን ካለፍን የሚጠብቀን እሱ ነበር።

መሪጌታ ከፊት ሆነው ወደ እኔ ዞሩና ጮኹ።

"ድንግልን ያዢ!"

እኔ የሰማሁት ይህን ነው። እናንተ ብትሆኑስ ከመሪጌታ አፍ፣ በዚያ ሰዓት፣ ሌላ ምን ትሰሙ ነበር? ደንገልና ድንግል በጽሕፈት ይለያያሉ፤ በማዕበል ውስጥ ግን አንድ ናቸው። የመጨረሻው ደርሷል፣ እመቤታችንን ጥሪ እያሉኝ ነው ብዬ አመንሁ። ስለዚህ የጀልባዋን ጠርዝ የጨበጥሁበትን ሁለቱንም እጄን ለቅቄ ደረቴ ላይ አጣመርሁ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ አጥብቄ የጸለይሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

"ያዢ! ምን ሆነሻል፣ ያዢ እንጂ!"

"ይዣለሁ!" ብዬ መለስሁ፤ እውነቴን ነበር።

ቀጥሎ የሰማሁት ጩኸት ለቤተ ክርስቲያን ሰው የሚገባ አልነበረም።

"ሳሩን! ሳሩን ያዢ፣ አንቺ ሴትዮ! እሷንማ እኔ ይዣታለሁ!"

ዓይኔን ስገልጥ መሪጌታ በአንድ እጃቸው የደንገል ነዶ ጨብጠዋል፤ ክንዳቸው እስኪገነጠል ድረስ ተወጥሯል። የጀልባዋ ኋላ፣ እኔ ያለሁበት፣ ወደ ቋጥኙ እየዞረ ነው። የመጨረሻዎቹ ግንዶች በፊቴ እያለፉ ነበር። ተወረወርሁና ያዝሁ። ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ልሙጥ፣ ክንድ የሚያህል ግንድ ነበር። ይበጠሳል ብዬ ጠበቅሁ። ጎንበስ አለ፤ ጎረቤቶቹም አብረውት ጎነበሱ፤ ከዚያ አልሄድም ብሎ ቆመ። እኔ አንድ ግንድ የያዝሁ መስሎኝ ነበር፤ የያዝሁት ግን በውሃ ሥር እጅ ለእጅ የተያያዘ አንድ አገር ነበር። ሞላም ደረሰልን። በአንዱ ግንድ ወደ ሌላው እየተሳብን ጀልባዋን በአፍንጫዋ ወደ ውስጥ ሰነቀርናት፤ ደንገሉም ተከፍቶ አስገባንና ከኋላችን ተመልሶ ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ያተትሁት፤ ሆኖም እዚህ ላይ ስደርስ ቃላቴ ያንሱብኛል።

ጸጥ አለ። ነፋሱ ከላያችን ያፏጫል፤ የደንገሎቹ ራስ እንደ እብድ ይወዛወዛል። እኛ ባለንበት ግን ጀልባዋን የከበባት ውሃ በሸክላ ሳህን ውስጥ እንዳለ ውሃ ረግቶ ነበር። የገባንበትን አቅጣጫ ተመለከትሁ። ከሰው ቁመት የሚበልጠው ማዕበል እየመጣ ደንገሉን ይመታል፤ የመጀመሪያው ረድፍ ይሰግዳል፤ ሁለተኛው ያነሰውን ይቀበላል፤ ከዚያም ሦስተኛው። እያንዳንዱ ግንድ ድርሻውን አንስቶ የቀረውን ለጎረቤቱ ያሳልፋል። እኛ ጋ ሲደርስ ከዚያ ሁሉ ቁጣ የቀረው የጀልባዋን ጎን የሚዳስስ አንድ እጥፋት ብቻ ነበር። ከሥራችን ያለው የሥር ምንጣፍ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል፤ እንደ ተኛ ሰው ደረት ይተነፍስ ነበር። በመጻሕፍት "የሞገድ ኃይል ቅነሳ" ብዬ አንብቤዋለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ። ነገሩ ስግደት እንደሚመስል የነገረኝ መጽሐፍ ግን አልነበረም።

ብቻችንንም አልነበርንም። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምደው በየግንዱ ሥር ሕይወት አየሁ። ዳክዬዎች ክንፋቸውን ጥብቅ አድርገው ተደርድረዋል። አንዲት ይብራ የምትባል የውሃ ወፍ ከነጫጩቶቿ በቅርባችን ተኝታለች፤ አየችን፣ አልተንቀሳቀሰችም። እንቁራሪቱ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ጥቃቅን ቀያይ ወፎች፣ አንገቷን እንደ ደንገል ቀጥ አድርጋ የቆመች ሽመላ፣ ሁሉም አንዱ ሌላውን ሳይፈራ ዝም ብሏል። ከዚያ በግራ በኩል፣ ልናየው በማንችልበት ጥልቀት፣ የከባድ ሳንባ ትንፋሽ ተሰማ።

ሞላ እጄን ያዘ። "ጉማሬ" አለ በከንፈሩ ብቻ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ልቤ በቆመ ነበር። ትንፋሹ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አይቀርብም፣ አይርቅም።

"ተወው" አሉ መሪጌታ በሹክሹክታ። "እሱም እንደኛ ተጠግቶ ነው።"

 መሪጌታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። የደንገል ነዷቸውን ገና አልለቀቁም፤ መዳፋቸው ደምቷል። ዝናቡ መጣ፤ ከላይ ያለው የቅጠል ጉንጉን ሰብሮ እንደ ጭጋግ አወረደልን። በመጨረሻ ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

"ይህን ያህል ለመጠንከር ስንት ዘመን ይፈጅበታል?"

"ብዙ፣ መሪጌታ። ከዚህ ሥር ወስደን ብንተክል የመጀመሪያዎቹን ክረምቶች ራሱንም አይችልም።"

"የሻረግስ?"

የምመልሰውን አውቀው ነበር። በዚያ ቦታ ተቀምጦ ማሽሞንሞን አልተቻለኝም።

"አይደርስላት ይሆናል።"

"ግንቡ ይደርስላት ነበር?"

"ለጥቂት ክረምት አዎ። ደንገሉ ሁሉ ከተነቀለ በኋላ ግን ይህ የለም። እነዚህም የሉም። ማዕበሉም ከሷ ተመልሶ ወደ ሌሎቹ መቃብሮች ይሄዳል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ።  ሞላ፣ ዝምታው የከበደው ይመስላል፣ "መሪጌታ፣ አሁንስ ትንኙን ይቅር አሉት?" አለ። መሪጌታ በሚደማው እጃቸው አንዱን ከጉንጫቸው ላይ እፍ ብለው አባረሩና "ዛሬ እንኳ አልገድልም" አሉ።

ነፋሱ የወደቀው ፀሐይ ወደ መጥለቂያው ስታዘነብል ነው። ብርሃኑ በአግድም ገብቶ እያንዳንዱን ግንድ እንደ ጧፍ ለኮሰው። በዚህ ጊዜ አንዲት ወፍ ተነሳች። ተከተሏት። ከፊታችን፣ ከኋላችን፣ አንዳች ነገር አለ ብለን ካልገመትንበት ሁሉ ተነሡ፤ ደንገሉ ራሱ ወደ ሰማይ የሚሄድ እስኪመስል ድረስ። የክንፉ ድምፅ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። መሪጌታ ቆባቸውን አወለቁ። ሞላ አፉን እንደከፈተ ቀረ። እኔ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ ያን ዕለት ግን ፊቴ የረጠበው በዝናቡ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ጉማሬው አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ውሃው ተንቀሳቀሰ፤ ሄደ።

በመቅዘፊያ እየቀዘፍን ተመለስን።

የሰበካ ጉባኤው በዚያው ሳምንት ተሰበሰበ። ጉዳዩ ያለቀለት ይመስል ስለነበር ብዙዎቹ ስለ ግንቡ ድንጋይ ማውራት ጀምረው ነበር። መሪጌታ እጃቸው እንደተጠቀለለ ተነሡ።

"ደንገሉ ይቆይ" አሉ።

"ምነው መሪጌታ፣ ግንብ ግንብ ሲሉን የከረሙት እርስዎ አይደሉም?" አሏቸው አንድ ሽማግሌ።

"ነኝ። ለሞቱት ብዬ ነው ያልሁት።" የተጠቀለለውን እጃቸውን ወደ ሐይቁ ዘረጉ። "ሆኖም የሞቱት መሄድ ይችላሉ። ደንገሉ ነው መሄድ የማይችል። የሻረግን ወደ ላይ አፍልሱልኝ።"

 ዐፅም ማፍለስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባሏ ራሱ ሲጠይቀው ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ከዚያ አንዲት እናት ከኋላ ሆነው "የእኔንም ልጅ" አሉ። ሌላው አባታቸውን ጠሩ። የግንቡ ነገር ሳይነሳ ቀረ።

ፍልሰቱ ክረምቱ ሳይገባ ተፈጸመ። ካህናቱ ጸሎቱን አደረሱ፤ መሪጌታ በነጭ ሸማ የተጠቀለለውን ዐፅሟን ታቅፈው፣ ማንም እንዲያግዛቸው ሳይፈቅዱ፣ ዳገቱን በዝግታ ወጡ። እኔ ከታች፣ ባዶው ጉድጓድ አጠገብ ቀረሁ። ከሥሩ ውሃ ይመነጭ ጀምሮ ነበር። ሐይቁ አስቀድሞ ደርሶባት ኖሯል፤ ማንም አላወቀም እንጂ። የመጀመሪያውን የደንገል ሥር የተከልነው እዚያው ላይ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ከዚያ ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ነው። የጎርፍ ቦይ ስነድፍ ውሃውን አስቸኩዬ ከማባረር ይልቅ በየት አርፎ፣ በማን ሥር ተከፋፍሎ እንደሚደክም እጠይቃለሁ። በከተማው መንገድ ዳር ሣርና ቁጥቋጦ የዝናቡን ውሃ የሚጠጣባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች ሳስቆፍር "ይህ ጉድጓድ ለምንድን ነው?" የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ራሱ ይመልስላቸዋል። ወጣት ባለሙያዎች ወደ እኔ ሲመጡ ንድፍ ከማሳየቴ በፊት ወደ ደንገል አስገባቸዋለሁ። አረንጓዴ ጭረት ማስመር የሚፈቀድላቸው በእጃቸው ከጨበጡት በኋላ ነው። ስለ ተፈጥሮ ስንናገር "እንጠብቃት" እንላለን፤ ቃሉ መልካም ነው። እኔ ግን በጀልባ ውስጥ እንደ ተጠበቀ ሰው ነው የምሠራው፤ ልዩነቱ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ይታያል ብዬ አምናለሁ።

የተከልነው ደንገል የመጀመሪያውን ክረምት አልቻለም፤ ግማሹን ውሃ ወሰደው። እንደገና ተከልን። ከመቃብሩ ዳር ሌላም አፈር ሄደ፤ ሐይቁ የወሰደው ባዶ መሬት ግን ሰው አልነበረበትም። ዛሬ ደንገሉ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። በእግር መንገዱ የሚንሸራሸሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ሐይቁ እንደማይታያቸው ያማርራሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ሰማዩ በሰሜን ሲጠቁር አይቼ ሥራዬን ትቼ ወደዚያ ሄድሁ። መሪጌታ ቀድመውኝ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። አጠገባቸው ቆምሁ። ነፋሱ መጣ፤ ሐይቁ ከደንገሉ ወዲያ መጮህ ጀመረ። ማዕበሉ ወደ ደንገሉ ሲገባ ሰማሁት። ሲወጣ አልሰማሁትም።